ጥድ በሌለበት አገር

ያለምወርቅ ጥድን የናቀችው ባንድ ቀን አይደለም። ወገራ ደጋ ላይ፣ ከሚካኤል ደብር ግርጌ ተወልዳ ያደገች ሴት ናትና ጥድን እንደ ጎረቤት ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ታከብረውም ነበር። የደብሩን ቅጥር ዙሪያውን የያዙት ጥዶች ገና ከሩቅ ሲታዩ ወንዱ ከበቅሎ ይወርዳል፣ ሴቱ ነጠላውን ያስተካክላል። የአገሩ ትልልቅ ሰዎች የሚቀበሩት ከነሱ ሥር ነው። ትልቅ ሰው የሞተ እንደሆነ ደግሞ አንድ ለጋ ጥድ ከነቅጠሉ ተቆርጦ ለቅሶው መካከል ይተከላል፤ የሟቹ ካባና ጠመንጃ ይንጠለጠልበታል፤ ለቀስተኛው ክብ ሠርቶ ይዞረዋል፤ አልቃሿም «ጥዴ» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። ለድሃና ለሴት ጥድ አይቆረጥም። ሴት የሞተች እንደሆነ «አበባዬ» ትባላለች፤ አበባ ደግሞ መካከል የሚተከል ነገር ስላልሆነ ክቡ ባዶ መሬት ይዞራል። እንዲያም ሆኖ ክብ ይሠራላታል። ክብ ያልተሠራለት ሬሳ በነሱ አገር እንደ ተቀበረ አይቆጠርም፤ እንደ ተጣለ ነው።

ንቀቱ የመጣው ከረሃቡ ጋር ነው። ዝናቡ ደጋግሞ ከከዳ በኋላ፣ ሰባ ሰባት ላይ፣ ሰው በአጥሩ ዙሪያ የበቀለውን ሁሉ ወደ አፉ ማስገባት ጀመረ። ሳማው ተቀቅሎ ተበላ። የቁልቋሉ ፍሬ ከነእሾሁ አለቀ። የአሜከላው ሥር ሳይቀር ተቆፈረ። እንደ ለመለሙ የቀሩት ጥዶቹ ብቻ ነበሩ። ከብቱ አሽትቶ አለፋቸው። ፍሬያቸውን የለቀሙ ልጆች ሲያስታውኩ ዋሉ። ያለምወርቅ አንድ ቀን ከደብሩ ደጃፍ ተቀምጣ ወደ ላይ አንጋጠጠችና አየቻቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ከበቅሎ የወረደላቸው ዛፎች አንዲት ጉርሻ እንኳ አላወጡም። ለካ ሥራቸው መቆም ብቻ ኖሯል፤ ለመቆምማ ድንጋይም ይቆማል፣ አለች በልቧ።

ባላምባራስ ጋረደውም እንደ ጥዱ ነበሩ። ደርግ መሬታቸውን ቢወስድባቸው ማዕረጋቸውን ከሰው አፍ ሊወስድ አልቻለም። ረጅም፣ አንገታቸው የማይታጠፍ፣ ተቀምጠው እንኳ የቆሙ የሚመስሉ ሰው ናቸው። በጓሯቸው እህል የሞላ ጉድጓድ እንዳላቸው አገር ያውቃል። ደጃቸው የመጣውን ሁሉ «ዘር ነው» እያሉ መለሱት። ዝናብ በሌለበት ዘር ለምን እንደሚበጅ የጠየቃቸው አንድም አልነበረም። ልጃቸው፣ እንግዳው የሚባለው፣ ጉድጓዱን ሲከፍተው እህሉን ነቀዝ ጨርሶት ዱቄት ብቻ ጠበቀው። ባላምባራስ ወደ ሱዳን እንውረድ ያሉት ያን ዕለት ነው። በቅሎ የቀራቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ከመንደሩ መራመድ የቻለው ሁሉ የበቅሎዎቹን ኮቴ ተከተለ።

ያለምወርቅ ከዘመድ የቀረቻት አንዲት ታናሽ እህቷ ናት፤ ወለተ ማርያም። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ለሰው የማትሰስት ልጅ ነበረች። የእንግዳው ሚስት ገና ከቤት ሳይወጡ አርፋ ስለነበር ትንሿን ልጁን፣ ትሁኔን፣ መንገዱን ሁሉ አዝላ የምትሄደው ወለተ ማርያም ናት። እንግዳው የአባቱን በቅሎ ይስባል፤ ባላምባራስ በቅሎ ላይ ናቸው፤ ልጅቱ በሰው ጀርባ ላይ ናት። ያለምወርቅ ይህን ባየች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች፤ ወለተ ማርያም ግን «ተይ እቴ፣ ከነጠላ አትከብድም» ትላታለች።

ቆላው እንደጀመረ፣ ከአንድ የደረቀ ወንዝ ዳር፣ ወለተ ማርያም ትሁኔን ከጀርባዋ ፈትታ አወረደችና ጋደም አለች፤ በዚያው ቀረች። ያለምወርቅ ሮጣ የባላምባራስን በቅሎ ልጓም ያዘች። ብዙ አልለመነችም። ክብ ሠርተን አንድ ጊዜ እንዙርላት፣ ከዚያ እንሄዳለን፣ ነው ያለችው።

ባላምባራስ ቁልቁል አዩዋት። «ሰው የሚቆመው ጥድ ሲወድቅ ነው» አሏት። «ለአበባማ ከቆምን ስንት ቦታ ልንቆም ነው? አፈር አልብሷትና ተከተሉ።»

አፈር አለበሷት። በማግስቱ ትሁኔም ሞተች። እንግዳው አፉን ከፍቶ አባቱን አየ፤ አባቱ ጋማውን እያዩ ነበር፤ አፉን መልሶ ገጠመና ልጁን ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ቀብሮ በቅሎውን ሳበ። ያለምወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትየውን ጠላች፣ ልጅየውን ናቀች። ከሁለቱ ንቀቱ ይከብዳት ነበር፤ ጥላቻ ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይታይላታል።

ከድንበሩ ማዶ ካለችው ገላባት ሲደርሱ ከስንቃቸው የቀረ አልነበረም። እዚያ የተቀበላቸው በድሩ የሚባል ነጋዴ ነው፤ የጎንደር እስላም፣ ከገላባት ሱቅ ከከፈተ የቆየ፣ በግመል የሚዞር የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያም ያለው ሰው። ሚስቱ ሳፊያ የመጣውን ሁሉ ስታይ ወደ መጭመቂያው ገብታ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ፣ የሱዳን ሰው ኡምባዝ የሚለውን፣ በእቅፏ ይዛ ወጣች። ያለምወርቅ ተቀብላ አገላበጠችውና ምንድን ነው አለቻት።

«የከብት ነው» አለች ሳፊያ። «ከብቱ ግን በልቶት አልሞተም። ብዪ፣ ኋላ ትንቂዋለሽ።»

በላች። ጥቁር፣ ምላስ የሚይዝ፣ እንደ ጭቃ የሚለጠፍ ነገር ነው። አብሮ የመጣው ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ከዚያ ፋጉሎ ነው ነፍሱን የመለሰው። ባላምባራስ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። የከብት መኖ አልበላም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እንግዳው አንዱን በቅሎ አሳልፎ ሰጥቶ ዱራ፣ የሱዳኑን ማሽላ፣ አመጣላቸው፤ እሱን በሉ። ሌላውም በቅሎ እንዲሁ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ በድሩ ከባሱንዳ ወዲህ ካለ አንድ እርሻ ሥራ አስገባቸው። ሰሊጥ ነው የሚዘራበት፤ ዳር የሌለው ጥቁር መሬት። ያለምወርቅ ሰሊጥን በዘይትነቱና በፍሬነቱ እንጂ በቁመናው አታውቀውም ነበር። ነሐሴ ላይ ሲያብብ አየችው። ከሰው ደረት የማያልፍ፣ ከግንዱ ላይ ነጭና ሐመር አበባ ቁልቁል የሚደፋ፣ ነፋስ የሚያጎነብሰው ተክል። መጀመሪያ አሳቃት። «ይህቺ ናት?» አለች። ያን ሁሉ ሰው ከሞት የመለሰችው ይህቺ ከሆነች፣ ደብሩ ቅጥር ውስጥ የቆሙት ምን ሲሠሩ ኖሩ?

ባላምባራስ ሲያብብም ሲታጨድም አልቀረቡትም። ከሠራተኛው ሰፈር፣ ከካምቦው ዳር ካለ አንድ እሾሃም ዛፍ ሥር፣ ከተሰነጣጠቀው መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፈው ይቀመጣሉ። የእርሻው ወኪል፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው፣ አንድ ቀን ማጭድ ቢያቀብላቸው «ሣር አላጭድም» አሉት። በአማርኛ ስለነበር አልገባውም፤ ሳቀና ማጭዱን ከጨርቁ ዳር አስቀምጦላቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ማጭዱ እዚያው ዛገ። ሥር የሌለው፣ ዘንድሮ ታይቶ ዘንድሮ የሚሞት ተክል የሚያርስ ሕዝብ እንዴት ያለ ሕዝብ ነው ይላሉ፤ እኛ አገር እኮ አያታችን የተከለው ጥድ ዛሬም ቆሟል ይላሉ። የሚሰማቸው የለም፤ ሰዉ ነዶ እያሰረ ነው። ምሳቸውን ዱራውን ይዞ የሚመጣው እንግዳው ነው፤ ዱራው ከዚያው «ሣር» አጨዳ ይገኝ እንደሆነ አንድ ቀንም አልጠየቁም።

የሰሊጥ ሥራ ልብ ይፈልጋል። ደርቃ ከቆየች ፍሬ ቤቷ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይዘራታል፤ ስለዚህ ገና አረንጓዴነቷ ሳይለቃት ታጭዳ ትታሰራለች። ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ጎጆ ክዳን ይቆማሉ፤ ይህን ሂላ ይሉታል። ፀሐዩ ሲያደርቃት ፍሬ ቤቷ ሁሉ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ነዶው በጥንቃቄ፣ እንደ ሕፃን ከደረት ተይዞ፣ ሸራ ላይ ይገለበጣል። ያለምወርቅ መጀመሪያ ጊዜ ስትገለብጥ ደነገጠች። ደረቅ፣ የሞተ ጭራሮ ነው ያነሳችው፤ ሲገለበጥ የካፊያ ድምፅ እያሰማ ፍሬውን አወረደው። አፏን ይዛ ቆመች። አጠገቧ የነበሩት የታመመች መስሏቸው ውሃ አቀበሏት።

ሙሾ ማውረድን ያስተማራት የለም። አልቃሾቹ በረሃብ አልቀው ስለነበር፣ ካምቦው ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ሰው ማለት ያለበትን ማለት ነበረበት፤ እሷ ጀመረች። ያየችውን ትላለች፤ ሰውየው ምን በልቶ፣ ማንን አዝሎ፣ ለማን አካፍሎ እንደ ሞተ ነው የምትለው። ሰዉ ወደዳት። አንድ ነገር ግን እጇ አልገባም፤ የወለተ ማርያም ክብ። ሬሳው በሌለበት፣ በሩቅ ለቀረ ሰው፣ ከሥራ የደከመ ሰው ወጥቶ አይዞርም። በሌላ ሰው ክብ ውስጥ የራስን ሬሳ ማንሳት ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ነውር ነው፤ ያደረገችው አልቃሽ የሬሳ ሌባ ትባላለች። ስለዚህ በየለቅሶው የሰው ስታወርድ የእህቷን እየዋጠች ትመለሳለች። አሁን ደግሞ አጨዳው እያለቀ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ካምቦው ይበተናል፤ ግማሹ ወደ ከሰላ፣ ግማሹ ወደ ቁረይሻ፣ የቀረው ወደ ገላባት። ወለተ ማርያምን የሚያውቋት ሰዎች ከዚያ በኋላ አንድ ላይ አይቆሙም።

በዚህ መካከል ነው ባላምባራስን ወባ የጣላቸው። ዛፋቸው ሥር ተንቀጥቅጠው፣ ማንንም ውሃ ሳይለምኑ ሞቱ። ሙቀቱ ሬሳ አያስከርምምና የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ፤ ለቅሶው ለሣልስቱ ተባለ። እንግዳው ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ያለምወርቅ መጣ። ነዶ ስታስር አገኛት።

«እትዬ ያለም፣ ያባቴን ታወርጂልኛለሽ። እንዳገራችን ወግ ነው፤ ጥድ ተተክሎ፣ ጥድ ተብሎ።»

«ጥድ እዚህ የት ታገኛለህ?»

«አያ በድሩ መኪና ነጂዎች ያውቃል። ከገዳሪፍ ያስመጣልኛል።»

«ካጣኸው ሰሊጥ ልላቸው ነው?»

«ባባቴ ሬሳ አትቀልጂ።»

«አልቀለድሁም» አለች፤ ገመዱን በጥርሷ ሳበችው። «ልክ ነህ፣ ሰሊጥስ አይሆኑም።»

ያለምወርቅ እጇን ከነዶው ላይ አንስታ፣ ከዚያ ደረቅ ወንዝ ወዲህ ያልለመነችውን ልመና ለመነችው። ክቡ ከተሠራ አይቀር፣ መጨረሻ ላይ፣ አንዲት ጊዜ፣ የወለተ ማርያምን ስም እንድታነሳ ይፍቀድላት። ልጁን አዝላለት እንደ ነበር አስታወሰችው። እንግዳው ዓይኑን ወደ ሂላዎቹ አሸሸ።

«ጥድ ሥር አበባ አይነሳም» አለ። «ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው!» አለች ያለምወርቅ። ማልቀሱን ግን እሺ አለችው። ካምቦው ከመበተኑ በፊት ክብ የሚሠራበት የቀረው ቀን ያ ብቻ ነው፤ አልመጣም ካለች ያም ይቀርባታል።

በሣልስቱ ማለዳ በድሩ ከአንድ የጭነት መኪና ወረደ፤ ሁለት ሰው የሚሸከመው ቅርንጫፍም አብሮት ወረደ። ቅጠሉ እንደ ፈረስ ጭራ ቀጭን፣ ሲነካ የሚያፏጭ፣ ከአንድ የከተማ አትክልት ቦታ የተቆረጠ ነው። ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ አየው። ታምሬ የሚባለው ሽማግሌ፣ በደብሩ ዲያቆንነት ያደገው፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ጥድ የራሱ ሽታ አለው» አለ። «ይህ የናፍጣ ሽታ ነው።»

«የናፍጣው ከመኪናው ነው» አለ እንግዳው።

«ናፍጣውን አውጣለትና የራሱን ሽታ አሳየኛ።»

በድሩ አፍሮ ጥድ ነው አላልሁም አለ፤ የሚመስለውን አምጣ ስላላችሁኝ የሚመስለውን አመጣሁ፣ አገራችን ሸውሸዌ የምንለው ነው፣ ከዚህ የተሻለ የሚመስል ገዳሪፍ ውስጥ የለም። እንግዳው ይበቃል አለው። ሸውሸዌው ጥድ ነው ተባለ።

ተከላውን ራሱ እንግዳው ሠራ። እንደ ደጋው አፈር ጉድጓድ ማሰ፣ ግንዱን አቆመ፣ በእግሩ ጠቀጠቀ። ያ መሬት ግን የደጋ አፈር አይደለም። ክረምት ጭቃ፣ በጋ ስንጥቅጥቅ ነው፤ የሰው ክንድ በስንጥቁ ይገባል። የጠቀጠቀው አፈር በስንጥቁ ወደ ታች ይፈስ ነበር። ካምቦው ውስጥ ይህን የማያውቅ አጫጅ አልነበረም፤ ማንም አልነገረውም። ጠመንጃው ድንበር ላይ ስለቀረ ካባው ብቻ ተንጠለጠለ፤ ብል የበላው፣ ጥለቱ የረገፈ ካባ። ሸውሸዌው ከክብደቱ የተነሳ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ በሽተኛ የልብስ መስቀያ መሰለ።

ሰዉ ክብ ሠራ። አልቅሶ የማያውቅ ሰው የለበትም፤ ለባላምባራስ የሚወርድ እንባ ግን አልነበረም። ሰዉ የመጣው ወጉ ስለሆነ ነው፣ ከአገር ቤት የቀረ ወግ ጥቂት ስለነበረ ነው። ያለምወርቅ መካከል ገባች። እንግዳው እንደ ፈለገው ጀመረች፤

«የቅጥሩ ውስጥ ጥድ፣ የደብሩ ግርማ፣
ጥላህ ይታይ ነበር እስከ ቆላ ማማ።»

ክቡ ዞረ። እግር ብቻ ነው የሚዞረው። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ ብሎታል። ያለምወርቅ ያን ራስ ሲነቀነቅ ስታየው፣ ያቺ ከቁጥቋጦ ሥር የቀረችው ልጁ ትዝ አለቻት፤ ለሷ ያልተነቀነቀ ራስ ነው። ሆዷ ውስጥ የኖረው ንቀት ቃል ሆኖ ወጣ፤

«ቁመቱን አየነው፣ ሰማይ የሚነካ፣
ከሥሩ ሣር የለ፣ ከላዩ እሸት እንኳ።»

እግሮቹ ቀስ አሉ። ታምሬ ቀና ብሎ አያት። አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ደንግጣ ይሁን ሳቋን ይዛ አልታወቀም። እንግዳው ከክቡ ወጥቶ ወደሷ መጣ።

«ምንድን ነው የምትዪው?»

«ጥድ በዪልኝ አላልኸኝም? ጥድ እንዲህ ነው።»

እሱ ሊመልስላት ሲል ሸውሸዌው ወደቀ። የገፋው ነፋስ አልነበረም፤ ካባው ነው የጣለው፣ አፈሩ ነው የለቀቀው። ቀስ ብሎ፣ እያፏጨ፣ ጋደም አለ። እንግዳው ካባውን ለመያዝ ተንደርድሮ አቧራ ላይ ተንበረከከ።

በአገራቸው ወግ የለቅሶ ጥድ ከወደቀ ለቅሶው አበቃ ማለት ነው። ሰዉ ተያየ። ከክቡ ጀርባ ያሉት መንቀሳቀስ ጀመሩ። ያለምወርቅ አየቻቸው፤ እነዚህ ሰዎች ዛሬ ከዚህ ከተበተኑ ወለተ ማርያም ከዚያ ደረቅ ወንዝ ዳር እንደ ተጣለች ትቀራለች። አላሰበችበትም። ከቅርቡ ሂላ አንድ የደረቀ ነዶ መዘዘች፣ ከደረቷ አስጠግታ፣ አንዲት ፍሬ ሳታፈስ አመጣችና ሸውሸዌው የወደቀበት ቦታ ላይ አቆመችው። እግሩን ከፈት አድርጎ ያለ ጉድጓድ፣ ያለ መጠቅጠቂያ ቆመ። ለመሄድ የዞሩት ሰዎች ባሉበት ቀሩ። መካከሉ ባዶ አይደለም፤ ክቡ አልፈረሰም።

«ሰሊጥ አትረዝምም፣ ከደረት አታልፍ፣
ደርቃ ስትገለበጥ ስንቱን ነፍስ ታተርፍ።»

«የማን ለቅሶ ነው ይህ?» አለ እንግዳው ከተንበረከከበት።

ያለምወርቅ ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ ዘረጋች። ነዶውን አነሳች፣ ገለበጠችው። ፍሬው እንደ ካፊያ እየተንሿሿ ነጠላው ላይ ወረደ፤ የሚሰማ ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። ካምቦው ውስጥ ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም፣ ወሩን ሁሉ ሲሰሙት ከርመዋል። እንዲህ ቆመው ሰምተውት ግን አያውቁም።

«እህቴ ወለቴ፣ አበባ ናት ላሉሽ፣
ዛሬ ጥዱ ወድቆ ዙሪያሽን ቆሙልሽ።»

መጀመሪያ የጮኸው ታምሬ ነው፤ መንገድ ላይ የቀረችውን ሚስቱን ስም ጠራ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደ ጠራ መለየት አልተቻለም። ከደጋው እስከ ገላባት ያልቆሙለት ሬሳ የሌለው ሰው ስላልነበረ ስሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ክቡም ዞረ፣ አሁን በእግሩ ብቻ አልነበረም። በድሩ፣ ወጉ የእስላም ባይሆንም፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ከዳር ቆመ። ያለምወርቅ መካከል ላይ ሆና ወለተ ማርያም እያለች ስሙን እስክትጠግበው ጠራችው።

ተነስቶ ሊያስቆማት የሚችል እንግዳው ብቻ ነበር፤ የለቅሶው ባለቤት ነውና አቁሙ ቢል ያቆማሉ። ተነሳም። ካባውን በክንዱ እንደያዘ ወደ ነጠላው ተጠጋ። ከነጠላው አንዱ ጫፍ ስንጥቁ ላይ ተንጠልጥሎ ፍሬው ወደ ውስጥ እየገባ ነበር። ቆመና አየው። ካባውን ጣለ፣ ተንበርክኮ ያን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ከስንጥቁ አነሳው፣ አልለቀቀውምም።

«ትሁኔ» አለ። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ያለምወርቅ ግን ሰማችው።

አሁን ነው? አለች በልቧ። አባትህ ሲሞቱ? በቅሎውም ከሄደ፣ የሚያይህም ከጠፋ? ነጠላውን ከእጁ ልትነጥቀው ቃጣች። ክቡ ግን እየዞረ ነው፣ ክቡ ደግሞ ለትሁኔም ጭምር ነው የሚዞረው፤ እህቷ ያዘለቻትን ልጅ ከእህቷ ክብ ማውጣት አልቻለችም። ጫፉን ይያዝ ብላ ተወችው።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ወኪሉ መጥቶ ነዶው የእርሻው ነው፣ ማን ፈቀደ ብሎ ተቆጣ። በድሩ ወደ ጎን ጎተት አድርጎ በአረብኛ አነጋገረው፤ ወኪሉ ነጠላውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ «አላህ ይርሐሙም»፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ብሎ ሄደ። ፍሬውን በድሩ ገላባት ወስዶት ሳፊያ ቆልታ ላከችው፤ ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ በእፍኝ ታደለ። ለወለተ ማርያም የወጣው ተዝካር ይኸው ነው። ከስንጥቁ የገባውን ያወጣው የለም።

ሸውሸዌው ከወደቀበት አልተነሳም። የካምቦው ፍየሎች በማግስቱ ከበቡትና አሸተቱት፤ ጨርቅና ካርቶን የሚበሉ ፍየሎች ናቸው፤ ትተውት ሄዱ። ሲደርቅ አንዲት ሴት ለማገዶ ብላ ሰብራ አነደደችው፤ ጭሱ ዓይኗን ስላቃጠላት በእግሯ አውጥታ ጣለችው።

የመጨረሻዎቹ ሂላዎች ሲራገፉ እንግዳው ወደ ያለምወርቅ መጣ። ከለቅሶው ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም ነበር። ካባውን አጣጥፎ ከብብቱ ሥር ይዟል፤ ወደ ከሰላ ሊሄድ ነው። ያባቱ ለቅሶ ጥዱ ሲወድቅ ተቋርጦ መቅረቱን፣ ይህ ደግሞ በወጉ እንደ ጎዶሎ መቆጠሩን ነገራት። ካምቦው ሳይበተን ትጨርስለት እንደሆነ ጠየቃት።

ያለምወርቅ ነዶዋን ከደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ፍሬው እንዳይፈስባት በክንዷ ጋርዳ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ጥድ አምጣ» አለችው፤ «እጨርስልሃለሁ።»

ዞራ ነዶዋን ሸራው ላይ ገለበጠችው።